የድሮ ራንች ቤት መስኮቶችንና የጓሮ በር እንዴት እንቀይር

ቤቴ የተሠራው በፈረንጆቹ 1961 ነው። ያለው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከሃቫና ጎዳና ብዙ ሳይርቅ ነው። ፎቅ የለውም። ወደ ጎን ረዘም ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ዙሪያውን ቀይ ጡብ የለበሰ፣ ከሥሩ ቤዝመንት ያለው ራንች ነው። ሳሎኑ አንድ ትልቅ የመንገድ መስኮት አለው። የመኝታ ቤቶቹ መስኮቶች ጠባብና ከፍ ብለው የተገጠሙ ናቸው። ከመመገቢያው ክፍል ወደ ጓሮ የሚያወጣው ተንሸራታች የመስታወት በር ነው። ሁሉም ባለ አንድ መስታወት፣ ፍሬማቸውም አሉሚኒየም ነበር። ጥር ላይ ጠዋት ስነሳ ፍሬሙ ከውስጥ በኩል በረዶ ሠርቶ አገኘው ነበር።

መጀመሪያ የቀየርኩት የጓሮውን በር ነው። ዋጋው ረከስ ያለውን ድርጅት መረጥኩ። በሩ ያምር ነበር፣ በአንድ ጣትም ይከፈት ነበር። በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ያ የምናውቀው እርጥብ ከባድ በረዶ ጣለ። በሩ ሥር ተከመረና ቀለጠ። ምንጣፉን ስረግጠው ለስለስ አለኝ። ገልጬ ሳየው የወለሉ ጣውላ በጣት ይፈረፈራል። ቤዝመንት ወርጄ ስመለከት ወለሉን የሚሸከመው የዳር እንጨት ጠቁሯል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ነው። በሩ ራሱ ምንም ጉድለት አልነበረውም። ከደፉ ሥር ግን ውሃ ወደ ውጭ የሚመልስ ነገር አልተደረገም። የነበረው ኮልክ፣ ማለትም ስንጥቅ የሚደፍነው ማጣበቂያ፣ ብቻ ነው። ለአንድ በር ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

የቀሩትን መስኮቶች ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሆነን ራሳችን ቀየርን። ከዚያ ወዲህ የጥቂት ጓደኞቼን ቤት ረድቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የትኛው ማርክ ይሻላል ብሎ ነው። ማርክ የሚለውጠው ጥቂት ነው። ዋናው ቀዳዳው በትክክል መለካቱና የገባ ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ መታሰቡ ነው። ራሳችሁ ብትሠሩም ኮንትራክተር ብትቀጥሩም ይህን ካወቃችሁ የሚያታልላችሁ የለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን መርምሩ

ራንች ቤቶች በብዛት የተሠሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እስከ 1970ዎቹ ነው። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሆፍማን ሃይትስን የመሰሉ የኦሮራ ሰፈሮች ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተነሱ ናቸው። ስለዚህ መስኮታችሁ የመጀመሪያው ከሆነ ከሦስት አንዱ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ቀጭን ብረት ወይም እንጨት።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው አወጣጣቸው ስለሚለያይ ነው። የእንጨት ፍሬም ካልበሰበሰ እሱን ትታችሁ አዲሱን መስኮት ውስጡ መሰካት ይቻላል። ይህኛው ቀላልና ርካሽ ነው። ጉዳቱ መስታወቱ በየጎኑ አንድ ኢንች ወይም ከዚያ በላይ መጥበቡ ነው። አሉሚኒየሙንና ብረቱን ግን አውጥቶ እስከ ቋሚ እንጨቱ ድረስ ማጽዳት ይሻላል። ብረት ቅዝቃዜን ከውጭ ወደ ውስጥ ያሻግራል። እሱን ትታችሁ ውድ መስኮት ብትሰኩበት ብርዱ በዳር በኩል እየገባ ይቀጥላል።

ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወይም ሹል ካራ ይዛችሁ የእያንዳንዱን መስኮት ደፍ ታችኛውን ጥግ ውጉት። እንጨቱ ከሰረገ በስብሷል። ከመስኮቱ በታች ያለውን ግድግዳም በእጃችሁ ዳስሱ። ቀለሙ ያበጠበት ቦታ ካለ ውሃ ቆይቶበታል። በጡብ ቤት ደግሞ ከመስኮቱ በላይ ጡቡን የሚሸከመውን ብረት ተመልከቱ። ዝጎ ካበጠና በላዩ ያለው ጡብ ከተሰነጠቀ መጀመሪያ እሱ ይጠገናል።

ሳሎን ውስጥ ተከታታይ መስኮቶች ካሏችሁ በመካከላቸው ያለውን ቋሚ ሳታጣሩ አትንኩ። በዚያ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ ቤቶች ጣሪያውን የተሸከመው እሱ ነው። ቀዳዳ ለማስፋት ያሰበ ሰው ኢንጂነር ያሳይ።

ሊድና አዝቤስቶስ

አሜሪካ ውስጥ ሊድ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት መስኮት ላይ ሊድ አለ ብላችሁ ተነሱ። መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለሙ ተፋጭቶ ስለሚደቅ፣ አቧራው የሚከማቸው እዚያ ደፉ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ የሚቆምበትና እጁን የሚያሳርፍበት ቦታም እሱ ነው። ሊድ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም።

ኢ.ፒ.ኤ. የሚባለው የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ ባወጣው ደንብ፣ በእንደዚህ ያለ ቤት ተከፍሎት መስኮት የሚቀይር ድርጅት የሊድ ሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ ሊድ የሚያስረዳ ቡክሌት ይሰጣችኋል። ፈቃዱን ጠይቁት። ከተቆጣ ሌላ ሰው ፈልጉ።

በራሱ ቤት ራሱ የሚሠራ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። አሠራሩን ግን መከተል አለበት። ከውስጥ ወለሉ ላይ ቢያንስ 6 ጫማ፣ ከውጭ መሬቱ ላይ ቢያንስ 10 ጫማ ፕላስቲክ አንጥፉ። ቀለሙን በደረቁ አትፋቁት፣ ውሃ እየረጫችሁ ሥሩ። ኤን-100 ወይም ፒ-100 ማስክ አድርጉ። ሲያልቅ ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ አውጡ፣ ደቃቅ አቧራ በሚይዝ ሄፓ ቫኪዩም ጥረጉ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ልጆችና እርጉዝ ሴት ያን ቀን ዘመድ ቤት ይዋሉ።

አዝቤስቶስ፣ አቧራው ሳንባ የሚጎዳው የማዕድን ክር፣ በዚያ ዘመን የመስኮት ስቱኮና ኮልክ ውስጥ፣ በግድግዳው ማለስለሻ ውስጥም ይገኛል። በኮሎራዶ በአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ከ32 ካሬ ጫማ በላይ ግድግዳ የምትነኩ ከሆነ አስቀድሞ በባለሙያ መመርመር አለበት። ሙሉ ቤት መስኮት ሲቀየር እዚያ ልኬት መድረስ ቀላል ነው። ናሙናውን አስመርምሩ። ወጪው ከሚያድነው ሕይወት ጋር አይወዳደርም።

የመኝታ ቤት መስኮት መውጫ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ስለሆነ።

እሳት ቢነሳና ኮሪደሩ በጭስ ቢሞላ ልጃችሁ የሚወጣው በመስኮቱ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛም ዕቃውን እንደተሸከመ የሚገባው በዚያው ነው። የራንች መኝታ ቤቶች መስኮት ግን ከፍ ያለና ጠባብ ነው። በዚያ ዘመን ከሥሩ አልጋና ቁም ሣጥን እንዲገባ ተብሎ እንዲያ ተሠራ።

አሁን ያለው የግንባታ ኮድ ለመኝታ ክፍል መስኮት አራት ነገር ይጠይቃል። ሲከፈት ንጹሕ ክፍተቱ 5.7 ካሬ ጫማ ይሁን። መስኮቱ ከውጭ ለመሬት ቅርብ ከሆነ 5 ይበቃል። የክፍተቱ ወርድ ከ20 ኢንች፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች አይነስ። ደፉ ደግሞ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ አይራቅ። ልብ በሉ፣ 20 በ24 ኢንች ሲባዛ 3.3 ካሬ ጫማ ብቻ ነው። ሁለቱንም ትንሹን ይዞ ማለፍ አይቻልም። ወርዱ 20 ከሆነ 5.7 ለመሙላት ቁመቱ ወደ 41 ኢንች መሆን አለበት።

አከፋፈቱ እዚህ ላይ ብዙ ይለውጣል። ተንሸራታች መስኮት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። 4 ጫማ በ3 ጫማ የሆነ ተንሸራታች ክፍተቱ ወደ 5 ካሬ ጫማ ገደማ ይወርዳል። እንደ በር በማጠፊያ የሚከፈተው፣ ኬዝመንት የሚባለው፣ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይሰጣል። ለጠባብ ራንች መስኮት እኔ የምመክረው ኬዝመንት ነው።

በብዙ ከተማ በነበረው ቀዳዳ ውስጥ ለሚቀየር መስኮት ደንቡ ቀለል ይላል። ቢሆንም ደንቡ ስላላላ ብቻ ልጅ የማይወጣበትን መስኮት መልሳችሁ አትግጠሙ። ደፉ ከ44 ኢንች በላይ ከሆነ ወደ ታች ማውረድ ይቻላል። ወርዱ ካልሰፋ ከላይ ያለው ወራጅ አይነካም። ጡቡ ይቆረጣል፣ ከውስጥ ድራይዋሉ ይቆረጣል፣ አዲስ ደፍ ይሠራል። ለጡቡ ባለሙያ ቅጠሩ።

ቤዝመንት ውስጥ የሚተኛ ሰው ካለ፣ ከአገር ቤት የመጣች እናትም ትሁን ተከራይ፣ ያ ክፍል ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። ከውጭ የሚቆፈረው ጉድጓድ ስፋት ቢያንስ 9 ካሬ ጫማ፣ ጥልቀቱ ከ44 ኢንች ካለፈ ቋሚ መሰላል ይኑረው። በጀታችሁ ለአንድ መስኮት ብቻ ከበቃ፣ የሳሎኑን ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ምን ዓይነት እንግዛ

እያንዳንዱ አዲስ መስኮት ላይ ኤን.ኤፍ.አር.ሲ. የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ቁጥር አንብቡ። አንደኛው ዩ-ፋክተር ነው፤ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያመልጥ ይነግራል፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። የድሮው ባለ አንድ መስታወት አሉሚኒየም ከ1 በላይ ነው። ጥሩ ባለ ሁለት መስታወት፣ ሙቀት ከሚመልሰው ሎው-ኢ ቅብና በመስታወቶቹ መካከል ከሚሞላው አርገን ጋዝ ጋር፣ ወደ 0.28 ይደርሳል። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኢነርጂ ስታር የሚባለው የኃይል ቁጠባ መመዘኛ ለቀዝቃዛው የሰሜን ቀጠና 0.22 ይላል። ያን ለመድረስ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት መስታወት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቁጥር፣ ኤስ.ኤች.ጂ.ሲ. (SHGC) የሚለው፣ የፀሐይ ሙቀት ምን ያህል እንደሚገባ የሚያሳየው ነው። ሻጮች ለሁሉም መስኮት አንድ ዓይነት ሊሸጡላችሁ ይፈልጋሉ። እናንተ ለይታችሁ እዘዙ። የራንች ጣሪያ ወጣ ያለ ክፈፍ አለው። በደቡብ በኩል የበጋውን ከፍ ያለ ፀሐይ ይከልላል፣ የክረምቱን ዝቅ ያለ ፀሐይ ያስገባል። ስለዚህ በደቡብ በኩል ከፍ ያለ ቁጥር ይጠቅማል፤ ጥር ላይ ነጻ ማሞቂያ ነው። በምዕራብ በኩል ግን ዝቅተኛውን ውሰዱ፤ የሐምሌ ከሰዓት ፀሐይ ከክፈፉ ሥር ሾልኮ ይገባል።

ዴንቨርና አካባቢዋ ለምንኖር አንድ የተለየ ነገር አለ። ከባሕር ወለል ከ5,000 ጫማ በላይ ነን። ዝቅ ባለ አገር የታሸገ ድርብ መስታወት እዚህ ሲመጣ ውስጡ ያለው አየር ይነፋና መስታወቱን ያሳብጠዋል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግፊቱ እንዲተካከል ቀጭን ቱቦ ያስገቡበታል። በዚያ ቱቦ ግን አርገኑ ያመልጣል። ስትገዙ «የተሠራው ለዚህ ከፍታ ነው ወይ? ቱቦ አለው ወይ? ካለው አርገን ለምን ታስከፍሉኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፍታ ላይ የታሸገ መስኮት የሚያቀርቡ አሉ።

ቴምፐርድ መስታወት፣ ሲሰበር ስለት ሳይሆን ፍርፋሪ የሚሆነው፣ አስገዳጅ የሆነበትን ቦታ እወቁ። የጓሮ በር ሁሉ፣ ከበር በ24 ኢንች ውስጥ ያለ ዝቅ ያለ መስታወት፣ ከገንዳ ወይም ሻወር አጠገብ ያለ፣ እንዲሁም ከወለል ከ18 ኢንች በታች የሚጀምር ትልቅ መስኮት። ጥጉ ላይ የታተመ ትንሽ ምልክት አለው። ምልክቱ ከሌለ አትቀበሉ።

የሳሎኑን ትልቅ መስኮት ደግሞ እባካችሁ በመስቀለኛ ፍርግርግ አትከፋፍሉት። ቤቱ የተነደፈው ያ ሰፊ መስታወት ደጁንና ሰማዩን እንዲያስገባ ነው። ሁለት ጓደኞቼ ፍርግርግ አስገብተው ሳሎናቸው ጠቦባቸዋል።

ውልና ፈቃድ

ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ «ዛሬ ከፈረምክ ግማሽ ዋጋ» ሊል ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ የተፈረመ ውል በፌዴራል ደንብ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ይቻላል። የመሰረዣ ፎርሙን መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው። እናትና አባቶቻችሁ ብቻቸውን ቤት የሚውሉ ከሆነ ይህን ንገሯቸው።

የፌዴራሉ የመስኮት የታክስ ቅናሽ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተገጠመ መስኮት አይሠራም። አሁንም እሱን እየጠቀሰ ዋጋ የሚያሳምር ሻጭ ካለ ተጠንቀቁ። የኤሌክትሪክና የጋዝ ድርጅታችሁ ቅናሽ ይኖረው እንደሆነ ግን በቀጥታ ደውላችሁ ጠይቁ።

የከተማ ፈቃድ አውጡ። ኢንስፔክተር የሚመጣው ለእናንተ ነው። ውሉ ላይ «ሙሉ ፍሬም ይወጣል፣ የደፍ ፓን ይደረጋል፣ ፍላሺንግ ይደረጋል» የሚሉት በጽሑፍ ይግቡ። የደፍ ፓን ከመስኮቱ ሥር የገባ ውሃ ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚመልሰው ነው፤ ፍላሺንግ ደግሞ በዙሪያው ውሃ የሚያግደው ልባጥ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ኢንስፔክሽኑ እስኪያልፍ ያዙ።

ልኬት

ወርዱን ሦስት ቦታ ለኩ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ቁመቱንም ሦስት ቦታ። ከሦስቱ ትንሹን ያዙ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ቀዳዳው ተንጋዷል። ስልሳ ዓመት የቆመ ቤት ትንሽ መንጋደዱ አይቀርም። ልዩነቱ ከሩብ ኢንች ካለፈ ያንን አስባችሁ አሳንሱ።

የድሮውን ፍሬም ትታችሁ የምትሰኩ ከሆነ ከትንሹ ልኬት ሩብ ኢንች ቀንሱ። ሙሉ ፍሬም የሚወጣ ከሆነ የሚለካው ከእንጨት እስከ እንጨት ነው። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ያለውን ጌጥ እንጨት አንስታችሁ እዩ። አዲሱ መስኮት ከቀዳዳው ግማሽ ኢንች ያንሳል፤ በየጎኑ ሩብ ኢንች መሆኑ ነው።

ጡብ የለበሰ ቤት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የድሮው መስኮት በምስማር የተመታበት ክንፍ ከጡቡ ጀርባ ተቀብሯል። ባለ ክንፍ አዲስ መስኮት ካዘዛችሁ ጡቡን ሳታፈርሱ አይገባም። ክንፍ የሌለውን እዘዙ። እሱ በጎኑ በኩል በብሎን ነው የሚታሰረው። የእንጨት ወይም የቪኒል ልብስ ያለው ቤት ላይ ግን ባለ ክንፉ ይሻላል፤ ውሃ ለመከላከል ይመቻል።

ከሁለት ቀን በኋላ ያለፈውን ወረቀት ሳታዩ እንደገና ለኩ። ያኔ እዘዙ። በልክ የተሠራ መስኮት አይመለስም።

መስኮቱን ማውጣትና መግጠም

ሁሉንም በአንድ ቀን አትክፈቱ። በጣም ትንሹንና ከመንገድ የማይታየውን መጀመሪያ ሥሩ። እጃችሁ የሚፈታው እዚያ ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይመቻል። አብዛኛው ኮልክ ከ40 ፋራናይት በታች በደንብ አይያዝም።

1. መስታወቱ ላይ ቴፕ በኤክስ ቅርጽ ለጥፉ። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርጉ። የሚንሸራተተውን ክፍል ወደ ላይ አንስታችሁ ከታች ሳቡት፣ ይወጣል። የማይንቀሳቀሰውን ክፍል ከያዘው ብሎን ፍቱት።

2. ባዶውን የአሉሚኒየም ፍሬም ከላይና ከታች መሃሉ ላይ በሶዞል፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራው የእጅ መጋዝ፣ ቁረጡ። ከዚያ ወደ ውስጥ እጠፉት። ክንፉ ከጡቡ ጀርባ ከያዘ በፍሬሙና በእንጨቱ መካከል የሶዞሉን ምላጭ አስገብታችሁ ቁረጡት። ጡቡን ተደግፋችሁ አትፈልቅቁ፤ ይሰነጠቃል።

3. ቀዳዳውን አጽዱ። የበሰበሰ እንጨት ካለ አውጥታችሁ ተኩ። ቀለም ቀብቶ መሸፈን የለም። ውሃ ልክ ደፉ ላይ አድርጉ። ካዘመመ አሁኑኑ በሽብልቅ አስተካክሉ።

4. የደፍ ፓን ሥሩ። ይህ የሥራው ልብ ነው። ደፉ ወደ ውጭ በትንሹ ይዘንብል፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ውሃ የሚመልስ ትንሽ ከንፈር ይኑረው። በላዩ ፍላሺንግ ቴፕ ይለጠፍ፤ በሁለቱም ጎን ወደ ላይ 6 ኢንች ያህል ይውጣ። መስኮት ሁሉ አንድ ቀን ያፈስሳል ብላችሁ ነው የምትሠሩት። ሲያፈስስ ውሃው ወደ ጓሮ ይሂድ።

5. መስኮቱን ኮልክ ሳትቀቡ ደረቁን ሞክሩ። ከገባና ከተመቸ አውጡት፣ ከዚያ ኮልክ አድርጉ። ባለ ክንፍ ከሆነ ከክንፉ ጀርባ በላይና በሁለቱ ጎን ብቻ ነው። ታችኛው ክፍት ይሁን፤ የውሃው መውጫ ነው።

6. አስገቡት። አንድ ሰው ከውጭ ይያዝ፣ አንዱ ከውስጥ ሽብልቅ ይሰካ። ሽብልቅ ከየጥጉ 4 ኢንች ያህል ራቅ ብሎና መቆለፊያው ባለበት ይግባ። ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሰያፍ፤ ሦስቱም ይታዩ። አንድ ብሎን ከላይ አስራችሁ ክፈቱና ዝጉት። ያለ ትግል ከተዘጋ የቀሩትን እሰሩ። ብሎኑን ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ፍሬሙ ይጎብጣል።

7. ፍላሺንግ ቴፑ ቅደም ተከተል አለው። የታችኛው ቀድሞ ደፉ ላይ የለጠፋችሁት ነው፣ ጎኖቹ ይከተላሉ፣ የላይኛው በመጨረሻ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ የላይኛው ሉሕ የታችኛውን እንደሚደርበው ነው። ታችኛውን ክንፍ በቴፕ አትሸፍኑ። በጡብ ቤት ላይ ይህ ሁሉ አይደረስበትም። ስለዚህ በፍሬሙና በጡቡ መካከል የስፖንጅ ገመድ አስገቡና በላዩ ጥሩ ኮልክ አድርጉ። ከታች በኩል ያሉትን ትናንሽ የውሃ ቀዳዳዎች በኮልክ አትድፈኑ። ቆንጆ ሥራ የሠሩ እየመሰላቸው የሚደፍኗቸው አሉ።

8. ከውስጥ በኩል ክፍተቱን በፎም ሙሉ። ጣሳው ላይ ለመስኮትና ለበር የሚል ይኑር። ብዙ የሚያብጠው ፎም ፍሬሙን ገፍቶ መስኮቱን አላስከፍት ይላል። ግማሹን ያህል ንፉ፣ ራሱ ይሞላዋል።

የጓሮው በር

የጓሮ በር ትልቅ መስኮት ነው የሚል ሰው ሰምታችሁ ይሆናል። ልዩነቱ ሰው የሚረግጠው መሆኑ ነው። በረዶም ይከመርበታል። ስለዚህ ደፉ ላይ አትሰስቱ።

ከ1977 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ የድሮው በር መስታወት ተራ መስታወት ሊሆን ይችላል። ጥጉ ላይ ምልክት ከሌለ እንደዚያ ገምቱ። ሲሰበር እንደ ጩቤ ነው የሚወርደው። ሙሉውን በቴፕ ሸፍኑት፣ ከሦስት ሰው ባነሰ አታንሱት። ልጅ እየሮጠ የሚገባ የሚወጣበት ቤት ውስጥ ይህ ብቻውን በሩን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

ዛሬ የሚሸጠው የተለመደው መጠን 6 ጫማ ወርድ በ6 ጫማ ከ8 ኢንች ቁመት ነው። የእናንተ ቀዳዳ ከዚህ ከተለየ በልክ ማዘዝ ይሻላል። ቀዳዳውን በእንጨት ማጥበብ ይቻላል፣ ብርሃን ግን ታጣላችሁ።

የድሮውን ደፍ ስታነሱ ከሥሩ ያለውን ጣውላ በደንብ ውጉት፣ ቤዝመንት ወርዳችሁም ከሥር እዩት። የበሰበሰ ካለ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቆርጣችሁ ተኩ። ከዚያ የውጩን ሲሚንቶ ተመልከቱ። ብዙ የድሮ ጓሮ ሲሚንቶ ሰጥሞ ወደ ቤቱ ዘንብሏል። ውሃ አፍስሱበትና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ወደ በሩ ከመጣ የትኛውም በር አያድናችሁም። ሲሚንቶውን የሚያነሱ ባለሙያዎች አሉ።

ለደፉ ሦስቱም ጎን የታጠፈ፣ አንድ ወጥ የብረት ወይም የፕላስቲክ ፓን ግዙ። የእኔ የመጀመሪያ በር የጎደለው ይሄ ነበር። ፓኑን በውሃ ልክ አስቀምጡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልዩነቱ ከአንድ ስምንተኛ ኢንች ካለፈ በሩ ራሱን እየከፈተ ይንሸራተታል ወይም መቆለፊያው አይገጥምም። በፓኑ ላይ ሁለት ሦስት ረድፍ ኮልክ አድርጉና ፍሬሙን አቁሙ። ደፉን የሚያስረው ብሎን ፓኑን የሚበሳ ከሆነ ቀዳዳውን መጀመሪያ በኮልክ ሙሉ። በመጨረሻ የሚንሸራተተውን ክፍል ሰቅላችሁ ከታች ያሉትን ጎማዎች በካቻቪቴ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ አስተካክሉ። የበሩ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ከፍሬሙ እኩል ሲርቅ ልክ ነው።

ጌጡን እንጨት ከመመለሳችሁ በፊት በአትክልት ጎማ ፈትኑት። ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አጠጡ፤ አሥር ደቂቃ ያህል። አንድ ሰው ቤዝመንት ሆኖ በባትሪ ይመልከት። ለመስኮቶቹም እንዲሁ።

ከተገጠመ በኋላ ቤቱ ይታፈናል

የድሮው መስኮት ቀዝቃዛ ቢሆንም ቤቱ ይተነፍስ ነበር። አሁን አይተነፍስም። የእኛ ማዕድ ቤት ደግሞ ብዙ እንፋሎት አለው። እንጀራ ሁለት ሰዓት ሲጋገር፣ ወጥ ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተክ መስኮቱ ያልበዋል። ሰዎች «አዲሱ መስኮት ተበላሸ» ይላሉ። አልተበላሸም። ላቡ ከውስጥ ፊቱ ላይ ከሆነ የቤቱ እርጥበት ነው። በሁለቱ መስታወት መካከል ከሆነ ግን ማሸጊያው ተበላሽቷል፣ ዋስትናውን ጠይቁ። ምጣድ ሲጣድ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ፋን ክፈቱ። አየሩን አጣርቶ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚነፋው ዓይነት እንፋሎቱን አይወስድም።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ከሰል ነው። ቡና ስናፈላ፣ ዕጣን ስናጨስ ቤት ውስጥ ከሰል የማቀጣጠል ልማድ አለን። በድሮው ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰሉ መርዘኛ ጋዝ በመስኮቱ ስንጥቅ ያመልጥ ነበር። አሁን መውጫ የለውም። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰው ያስተኛና አያስነሳም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ። ከሰሉ ግድ ከሆነ ጓሮ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ። የድሮ የጋዝ ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያ ካላችሁም መስኮቱ ካለቀ በኋላ ባለሙያ ጠርታችሁ ጭሱ በጭስ ማውጫው በትክክል መውጣቱን አስለኩ። የታፈነ ቤት ጭሱን ወደ ውስጥ መልሶ ሊስበው ይችላል።

በኮሎራዶ ሕግ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል መግቢያ በ15 ጫማ ውስጥ ይሆናል። ቤዝመንት የሚተኛ ካለ እዚያም አንድ ስቀሉ። የመጨረሻውን መስኮት በገጠማችሁበት ቀን፣ ዕቃችሁን ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ የሁሉንም አላርም ቁልፍ ተጭናችሁ መጮኹን ስሙ።